ባትሪው ነው

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰማዩ ደመና ነው፤ ያስፈራራል እንጂ አይዘንብም። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነን። ልብስ ሰፊው መቀስ ሊዋስ ነው የመጣው። ልብስ ሰፊ ሆኖ መቀስ የሚዋስ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ባለቤቴ ትልቁን ፍላሽ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ኢንጂነር፣ በሽተኛ አምጥቼልሻለሁ» አለኝ። ሲቀልድ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ቅዳሜ ሰርግ ላይ ፍላሹ መሀል ላይ ደክሞ አልበራም ብሎታል። ከኬኩ በኋላ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ ጨልመዋል።

«ባትሪው ነው» አለ።

«እስቲ ከፍቼ ልየው።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? ባትሪው ነው አልኩሽ እኮ።»

ፍላሹ እንደ መዶሻ በእጀታው የሚያዝ አሮጌ ዕቃ ነው። እጀታው ውስጥ ስድስት ቻርጅ የሚደረጉ የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው እርስ በርስ ተበይደዋል። እንዲህ ያለ ባትሪ ተሠርቶ መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሲሞት ድንጋዮቹን አውጥቶ አዲስ መበየድ ነው። በቴስተር ለካኋቸው። አራቱ ይተነፍሳሉ፣ ሁለቱ ሞተዋል። እውነቱን ነው፣ ባትሪው ነው።

ደስ አለኝ። የተበላሸው ነገር በእጄ የሚጠገን ሲሆን ደስ ይለኛል።

ማታ ፎቶዎቹን ሳስተካክል ከመጨለሙ በፊት በተነሡትም ላይ በግራ በኩል የቆሙት የሙሽራዋ አጎቶች ተቆርጠው አገኘሁ። የአንደኛው ክንዱ ብቻ ነው የቀረው። ነገርኩት። «ፍላሹ እስኪሞላ ስጠብቅ ተንቀሳቀሱብኝ» አለ። ይሆናል። ሰርግ ላይ ሰው መች አርፎ ይቆማል።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ድንጋዮቹን የገዛሁት ከሽማግሌው ራዲዮ ሠሪ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም። ማንበብ የለመድኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፣ መበየድ የለመድኩት ደግሞ ከእሳቸው። አሁን ዓይናቸው አያይም። ሱቁን የያዘው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ዕቃውን ግን አሁንም በእጃቸው ዳስሰው የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ስድስቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ መዳፋቸው ላይ መዘኑና «እነዚህ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ያረጃሉ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ፍላሹን እያበራሁ ያለውን ጨረስኩት። ባትሪው ቢወጣም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ያልጠረጠረ እጅ ይመታል። አንዴ መቶኝ እስከ ትከሻዬ ደንዝዣለሁ። ስለዚህ ከከፈትኩት በኋላ የትንሽ አምፖል ሽቦ ሁለቱ እግሮቹ ላይ አስነካሁ፤ አምፖሏ ቦግ ብላ ጠፋች። ከዚያ ነው እጄን ያስገባሁት። አሮጌዎቹን ፈትቼ አዲሶቹን የአንዱን ራስ ከሌላው እግር እያገናኘሁ በየድኩ። ብረቱን ብዙ ማቆየት ደግ አይደለም፤ ድንጋይ ሙቀት አይወድም። ጨርሼ ሳበራው ሲሞላ የሚያሰማው ፉጨት ቅጥን ብሎ ወጣ፣ ቀዩ መብራት ወዲያው በራ።

«በሽተኛህ ድኗል» አልኩት።

እንደ ሕፃን ከእጄ ነጠቀኝ። ግድግዳው ላይ ቦግ፣ ጓሮው ላይ ቦግ፣ ኮሪደሩ ላይ ቦግ።

«አንተ ሰውዬ፣ ባዶ ቦታ ላይ ምን ያስባክንሃል?»

«ልምምድ ነው።»

ሲመለስ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። «ይሄን በር ደግሞ ማን አጠበበው?»

«አንተ ወፍረህ ነው።»

«እንግዲያው ሚስቴ ባለሙያ ናት።» ሳቅን። ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው በልዟል። ከሥሩ የቆየ፣ ወደ ቢጫ የሄደ ሌላ ብልዝ አለ። ያው ግራው ነው።

አሮጌዎቹን ድንጋዮች ቆርቆሮ ውስጥ አደረግኳቸው። የትም አይጣሉም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ቅዳሜ ፍላሹ አንዴም አላሳፈረንም። ፎቶዎቹ ቁልጭ ብለዋል፤ እንዲህ ሆነው አያውቁም። መሀል ያሉት ሰዎች አምረዋል። ዳር ያሉት የሉም።

ጠዋት የሙሽራው እናት መጡ። ፎቶውን አንሥተው በሩ ላይ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«እኔ የታለሁ?» አሉ።

ጣታቸውን የፎቶው ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ጆሮ የኔ ናት። ጉትቻውን አውቀዋለሁ። ልጅ አሳድጌ፣ ድሬ፣ ጆሮዬ ብቻ ነው ሰርጉ ላይ የተገኘው?»

ባለቤቴ ተነሣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ፍላሹ ነው። ባትሪው በአንድ ጎኑ አላበራ ብሎኝ ነው።»

ልብስ ሰፊው ከበሩ ሆኖ «ፍላሹ አማት አይወድም በሏቸው!» አለ። ሴትየዋ ሳይወዱ ሳቁ፣ ባለቤቴም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ፍላሽ በአንድ ጎኑ ብቻ አይበራም። ከጆሯቸው ኋላ ያለው ግድግዳ እስከ ጥጉ በርቷል። ለማንም አልተናገርኩም። ግድግዳው በርቷል ብዬ እዚህ ጻፍኩ፤ በቃ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

«ባትሪውን ቀይሪው» አለኝ።

«አዲስ ነው እኮ።»

«የማይረባ ሸጠውልሽ ይሆናላ። ዓይነ ስውር ሰው ጋ ሄደሽ ዕቃ ትገዢያለሽ፣ ከዚያ አዲስ ነው ትያለሽ።»

ሄጄ ሌላ ስድስት ገዛሁ። ፈታሁ፣ በየድኩ። የወጡትን ለካኋቸው፤ ስድስቱም ሙሉ ናቸው፣ ምንም አልሆኑም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ሥራውን ከጎኔ ቆሞ ሲያይ ነበር። ሲያይ ነበር እላለሁ፤ ካቻቢቴው ከግራ ክርኑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ እሱ ወለሉን ሲዳብስለት ቆየ።

«አሁን ይሻላል» አለ ሲያበራው። የተሻለ ነገር የለም። «አዎ» አልኩ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ችኮላ። ነገ ሰርግ አለ። አብረሽኝ ነይ አለኝ፤ መብራት እንድይዝለት። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የማደርገው ጫማ የለም። ሻይ ደፋ፣ ጠረጴዛው አጠረኝ አለ። ፍላሹ ቻርጅ ላይ ነው።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ትናንት አብሬው ሄድኩ።

አዳራሹ ደብዛዛ ነበር። ገና መግቢያው ላይ ባዶ ኮሪደር ላይ ቦግ፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቦግ። «ሙሽሮቹ ሳይመጡ ልትጨርሰው ነው?» አልኩት። ሰው ሲበዛ ከግራው የመጣ አስተናጋጅ ጋር ተላተመና ብርጭቆዎቹ ተሰበሩ። «ሹልክ ብለህ ከየት መጣህ?» ብሎ ጮኸበት። ምስኪኑ ልጅ ሹልክ አላለም። ከሩቅ ጀምሮ ትሪውን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ነው የመጣው፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ ሰምቼውማለሁ፤ ሙዚቃው ግን ከፍ ያለ ነበር።

ከኋላዬ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ «ሳይቀምስማ አልመጣም» አለች። ሌላዋ «ፎቶ አንሺ ሁሉ ያው ነው» አለች።

ባለቤቴ ጠጥቶ አያውቅም። አባቱ በመጠጥ ስለሞቱ ሽታውን እንኳ አይወድም። ዞሬ መናገር ነበረብኝ። አልዞርኩም። ብናገር «ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል። የምመልሰውን አስቤ አስቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፤ «ባትሪው ነው»። እሱም ለተሰበረ ብርጭቆ አይሆንም።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

እህቱ መጣች። ታላቁ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። ልጇ ግንቦት አሥራ ስድስት ትዳራለች። እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ እትዬ ያን ጠብቃ ነው የገባችው መሰለኝ።

«ወንድሜ ጠጪ ሆነ ይባላል» አለችኝ ቁጭ ሳትል።

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ። ብርጭቆ ሰበረ፣ አስተናጋጅ ሰደበ፣ አማት ቆረጠ። ምን ሆኖ ነው?»

«ባትሪው ነው፣ እትዬ።»

አየችኝ። «ባትሪ ሰው ይገፋል?»

ዝም አልኩ። ዝም ስል ሰው ጨዋ ነች ይለኛል፤ አንዳንዴ ጨዋነት አይደለም፣ የምለው ማጣት ነው።

«ስሚኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የልጄ ቀን አንድ ነው፤ አይደገምም። ሌላ ፎቶ አንሺ ልያዝ? አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ አይሆንም ካልሽኝ እኔው ምክንያት ፈጥሬ እነግረዋለሁ።»

ያቺን ሰዓት ነበር መናገር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ሌላ ሰው ካሜራ ይዞ እሱ እንደ እንግዳ ሲቀመጥ ታየኝ። ያቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ በየዓመቱ ያነሣት እሱ ነው።

«ደህና ነው» አልኳት። «ባትሪውን ቀይሬዋለሁ።»

«አደራሽን።»

«ግድ የለም።»

አሁን ብቻዬን ስሆን ግድ አለ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ደግሞ ባትሪ ይቀየር አለ። ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ልጃቸው አልነበረም። ድንጋዮቹን ጠየቅኳቸው፤ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እነዚህ ድንጋዮች እንኳን ለወቅቱ ለዓመታት የሚበቁ ናቸው። ምን ቢሆኑብሽ ነው የምትመላለሺው?»

«ቻርጀሩ እያበላሸብኝ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«ቻርጀሩን አምጪው፤ ልየው።» እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ እኮ አምፖል ነበር የምቀይረው» አሉ። «ሱቁ ጨለመብኝ፤ አምፖሉ ነው አልኩ፤ ቀየርኩ። ትልቅ አምፖል አደረግኩ። ሁለት አደረግኩ። ሰው እየገፋሁ ነበር የምሄደው፤ ሰዉ ባለጌ ሆኗል እያልኩ። አያምም፣ አይቆረቁርም፤ ከዳር ጀምሮ ነው የሚወስድሽ። መሀሉን ታያለሽ፣ ስለዚህ ዓይኔ ደህና ነው ትያለሽ። ሐኪም ቤት ስደርስ የዓይን ግፊት ነው አሉኝ፤ ግላኮማ። የሄደው አይመለስም፤ ቀደም ብለው ቢመጡ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻል ነበር አሉ። እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አምፖል ስቀይር ነበር።»

«ይማርዎት፣ ጋሼ» አልኩ።

«እኔንስ ተዪኝ። ከእንግዲህ የሚተርፍ ነገር የለኝም» አሉ። «ድንጋይ አልሸጥልሽም። ሂጂ።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ዕቃ አልሸጥም የሚል ነጋዴ ምን ዓይነት ነው? መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ስድስቱን ደህና ድንጋዮች አውጥቼ እነሱን በየድኩለት። «አሁን ይሻላል» አለ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሰርግ አልነበረውም። ምሳ ስንበላ እንደ ዋዛ አድርጌ «ዓይንህን ብትታይስ?» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ምንም፣ ዝም ብዬ ነው። ዕድሜም ነው…»

ፊቱን ቀጥ አድርጎ አዞረና አየኝ። «አንቺን አያለሁ። ሽበትሽን አያለሁ። እዚህ ጋ ወጥ ነክቶሻል፤ አያለሁ።» አገጬን ነካሁ፤ እውነቱን ነው፣ ወጥ ነክቶኛል። «የፎቶ አንሺ ዓይን ታመመ የሚል ወሬ ከዚህ ቤት ከወጣ ማን ይጠራኛል? ያን ቀን መዝጊያውን ዝጊና ቁልፉን ለልብስ ሰፊው ስጪው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። ደግመሽም እንዳትዪ።»

ብናገር ቤቱን አፈርሳለሁ፣ ዝም ብል ዓይኑን። ወዲህም ግድግዳ፣ ወዲያም ግድግዳ። ሳህኖቹን አጠብኩ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሳሎኑ ጨለመኝ አለ። አምፖሉን ቀየርኩ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ለአንዲት ሕፃን ልደት ሊያነሣ ሄዶ ነበር። መጥቶ ሳይናገር ተኛ። ቦርሳውን ስከፍት የሌንሱ ጠርዝ ተጨፍልቋል። አልጠየቅኩም። በፒንሳ በቀስታ አቀናሁት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

እትዬ መልእክት ላከች፤ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ሁሉ እንደሚገኙ፣ የአባታቸው ወንድሞች ሳይቀሩ። ሁሉም በአንድ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ እንዲነሡ ትፈልጋለች። «ማንም እንዳይቀር፣ ዳር ያሉትም» ብላለች። ዳር ያሉትም ያለችው ሆን ብላ ነው።

ያ ሁሉ ዘመድ ባለበት ሰካራም ሊሉት ነው። ፍላሹ ደግሞ እንደ ፀሐይ ነው የሚያበራው፤ የሚያመካኝበት ነገር የለውም።

ፍላሽ ቢበላሽ ግን ሰው አይሰድብም። ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይበላሻል። ያዝናሉ እንጂ አይስቁም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዝናብ። ባትሪውን ሠራሁ። ከቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ድንጋዮች ለሙከራ አስገብቻለሁ።

ቤት ውስጥ ሞከረው። በራለት። «ጥሩ ነው» አለ፤ ለረጅም ጊዜ ጆሮው አጠገብ ይዞት ቆየ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ በቀን ብርሃን ያነሣቸው ጥሩ ነበሩ። እኔም ልቤ መለስ አለ። ከዚያ አዳራሽ ገባን። ሙሽሮቹ ሲገቡ መብራቱን አጠፉት፤ ከመድረኩ ላይ ያለው ሰማያዊ መብራት ብቻ ቀረ። እሱ መሀል መተላለፊያው ላይ ነበር፣ እኔ ግድግዳው ጥግ።

ፍላሹን አነሣና ተጫነ። አንዴ በራ። ከዚያ ፉጨቱ ተጎተተ፣ እንደደከመ ሰው አተነፋፈስ። ቀዩ መብራት አልመጣም። ደግሞ ተጫነ። የለም። እኔ «ይኸው፣ አሁን ‹ባትሪው ነው› ይላል፣ ሰዉም ይሰማል፣ ያልቃል» ብዬ ጠበቅሁ።

አላለም። ፍላሹን ከሙሽሮቹ ላይ አዞረና ወደ ወለሉ ይዞ ተጫነ። ወደ ግራው ይዞ ተጫነ። ወደ ቀኙ፣ ደግሞ ወደ ወለሉ። ሙሽሮቹ በፊቱ እያለፉ ነው፤ እሱ እነሱን አያነሣም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሰው በዚያ ፍላሽ ፎቶ ማንሣት ብቻ አልነበረም ሥራው። ያይበት ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ጓሮው ላይ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ «ልምምድ» የሚለው ሁሉ እሱ ነው። አንዴ ቦግ ያደርጋል፤ ደረጃው የት እንዳለ፣ ሰው የት እንደቆመ ያን ቅጽበት ይይዝና በእሱ ይራመዳል። እኔ አባከንክ እለው ነበር።

መብራቱን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ።

አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ። ሰው እየገፋሁ ወደ እሱ ሄድኩ። ስሙን ጠራሁ፤ ሙዚቃው ዋጠው። ሳልደርስ እግሩን አነሣ። የመድረኩ ደረጃ መታው። በጉልበቱና ካሜራውን በያዘበት እጁ ወደቀ።

«ዛሬ እንኳ መጠጡ ቢቀርበት ምን ነበር» አለ አንድ ሽማግሌ።

እትዬ ከመድረኩ ላይ እሱን አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

ክርኑን ይዤ አወጣሁት። ደጅ ብርሃን ስናገኝ እጄን አስለቀቀኝ። የቀረውን ሰርግ ሚዜዎቹ በስልካቸው አነሡት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

የእጁ አንጓ አብጧል፤ አልተሰበረም። ፎቶ ቤቱን አልከፈትንም። ልብስ ሰፊው ሁለቴ አንኳኩቶ ሄደ።

አመሻሹ ላይ በፋሻ ስጠቀልልለት ተናገርኩ። ሌላ የምለው ነገር ስላልነበረ በሥራው ጀመርኩ።

«ባትሪው ደህና ነበር። ሁለት የሞቱ ድንጋዮች ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ፉጨቱን አላውቀውም ብለሽ ነው? ድንጋይ ሲሞት ፉጨቱ ይወፍራል። ሐሙስ ዕለት ሰምቼዋለሁ።»

ፋሻው ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ተተረተረ። «ሰምተህ ነው ይዘኸው የሄድከው?»

«አንቺስ ለምን አስገባሽው?»

ወለሉ ላይ የተተረተረውን ፋሻ አየሁ።

«የማመካኝበት እንዳላጣ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም እንዳላጣ ነው ይዤው የሄድኩት።»

ፋሻውን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ። ስነሣ በግራው በኩል ነበርኩ። እሱ ግን ቀድሞ የነበርኩበትን እያየ «የታለሽ?» አለ።

«እዚህ ነኝ።»

ራሱን አዙሮ አገኘኝ። «በዚህ በኩል ስትሆኚ የለሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ከዓመት በላይ ሆነው። መጀመሪያ አንቺ ነሽ ድምፅ ሳታሰሚ የምትሄጂው ብዬ ነበር።»

ከዓመት በላይ። ያን ሁሉ ጊዜ ምግቡን በግራው አስቀምጥለትና አይነካውም ነበር። ተኳርፈናል ብዬ የኖርኩባቸው ቀኖች አሉ።

«ነገ እንሂድ» አልኩት።

«ቢሉኝስ?» አለ።

«ምን?»

«ያንን ነገር።» አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። ፋሻውን ከመጀመሪያው ጠቀለልኩት።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው።

ከእሱ ቀድሜ ተነሣሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ብርጭቆውን በቀኙ አስቀመጥኩ። ሸሚዙን በአንድ እጁ መቆለፍ ስላቃተው ቆለፍኩለት። የፎቶ ቤቱን መዝጊያ ሳልከፍት በጓሮ ወጣን። ልብስ ሰፊው በሩን እየጠረገ ነበር።

«ዛሬም ፎቶ የለም?»

«የለም» አልኩት።

«ባትሪው ነው?»

ባለቤቴ ከጎኔ ቆሟል። ክንዱ ክንዴ ላይ ጠነከረ። «አይደለም» አልኩ። «ዓይኑን አሞታል።» ድምፄ ከምፈልገው በላይ ወጣ፤ ውሃ የምትቀዳ ሴት ዞራ አየችን። ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ፤ ቀልድ አጣ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ሱቁን አይበታለሁ፤ ሂዱ በሉ» አለ።

በግራው ሆኜ ሄድኩ። መንገዱ ላይ «ደረጃ» እለው ነበር፣ «ሰው» እለው ነበር። መጀመሪያ «አየሁት» ይለኝ ነበር፤ በኋላ ዝም ብሎ እግሩን ያነሣ ጀመር።

ሐኪም ቤት ደርሰን፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ማን ነው የሚታየው? ምንድን ነው የሚያስቸግራቸው?» ብላ ጠየቀች። እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ንገራት» አልኩት። አመንትቶ አመንትቶ «ዳር ዳሩ አይታየኝም» አለ። ሙሉውን ሲለው የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከፊቱ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች፤ ለእኔ ከኋላዋ ወንበር ሰጠችኝ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ እንዲሸፍን ነገረችው።

«አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴ ከጎን ሲመጣ እንዳዩት ይንገሩኝ።»

«አሁን» አለ።

«ገና አላነሣሁም» አለች፤ በጨዋ ድምፅ።

ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ መሰለ። እኔ ከሐኪሟ ትከሻ በላይ ፊቱ ይታየኛል፤ ቅንድቤን ባነሣ ያየኛል፤ በቀጥታ ፊቱ ነኝ። ያን ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ዓይኑ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ እኔ ላይ ቆመ፤ ምልክት ጠበቀ።

ወደ መሬት አየሁ።

«እንደገና» አለች። ጣቷ ከጆሮው አጠገብ ተነሣ። በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ። ቀስ ብሎ መጣ። ጉንጩን አለፈ። ዝም አለ። ከዓይኑ ጠርዝ ደረሰ። ዝም አለ። ሁለቱን እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ጣቷ አፍንጫው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው «አሁን» ያለው።

«እውነት አሁን ነው?» አለችው።

«እውነት አሁን ነው» አለ።

ሐኪሟ ጻፈች። እኔ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ፤ እጆቼን አላወጣሁም። ሁለተኛው ዓይን ይቀራል።